ኮዳችንን ይዘን መርከብ ብንሳፈርስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጁን መጨረሻ ላይ ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ በሚመለስ የ7 ቀን ክሩዝ ስድስት ሆነን እንሄዳለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ4፣ የ9 እና የ14 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ። ልጆቹ ያለ ኮዳቸው ከቤት አይወጡም፤ ትልቋማ ያንን ትልቁን የስታንሊ ኩባያ ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች። የራሳችንን ኩባያና ኮዳ ይዘን መግባት ይፈቀድልናል? ከመርከቡ ማሽን መቅዳትስ? ወይስ በቀን ሒሳብ ተከፍሎ ያለ ገደብ የሚጠጣበትን የለስላሳ ፓኬጅ ብንገዛ ይሻላል? እናቴ ደግሞ የባሕር ውሃማ አልጠጣም ብለዋል።»

መልስ፦

ይፈቀዳል። ባዶ ኮዳ ወይም ኩባያ ይዞ መግባትን የሚከለክል የክሩዝ ድርጅት በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም። ብርጭቆና ሸክላ ብቻ ቤት ቢቀሩ ይሻላል። ካቢን ውስጥ ማንም አይናገራችሁም፤ መዋኛው አካባቢ ግን አይወጡም። እዚያ ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ስባሪ ገንዳው ውስጥ ከገባ ደግሞ ውሃው በሙሉ ይደፋል።

እኔ መርከብ ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት ከዕቃ ማጠቢያው ነው፤ የጨረስኩት የቡፌውን የመጠጥ ጥግ እየተቆጣጠርኩ። አሁን ለቤተሰቦች ጉዞ አዘጋጃለሁ። ስለ ኮዳ በተጠየቅሁ ቁጥር ታዲያ ሐሳቤ ወደ መግቢያው በር አይሄድም፤ ወደሚቀዳበትና ወደሚታጠብበት ቦታ ነው የሚሄደው። ጣጣው ያለው እነዚያ ሁለቱ ጋ ነው።

ከመቅዳቱ ልጀምር። ቡፌው አጠገብ ውሃ፣ የሎሚ መጠጥ፣ አይስ ቲ፣ ቡናና ሻይ ያለ ክፍያ የሚቀዳበት ጥግ አለ። የ9 ዓመት ልጅ ኮዳውን ይዞ እዚያ ሲደርስ የሚያደርገውን በየቀኑ አይ ነበር። የኮዳው አፍ ጠባብ ስለሆነ እንዳይፈስበት ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል፤ የማሽኑ አፍ ኮዳው ውስጥ ይገባል። ያ ልጁ ከአምስት ደቂቃ በፊት በጥርሱ ሲያኝከው የነበረ አፍ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ንጹሕ ብርጭቆ ቢይዝም የሚቀዳው ከዚያው ነው። ብዙ መርከቦች ላይ «በኮዳ በቀጥታ መቅዳት አይቻልም፤ በብርጭቆ ቀድተው ይገልብጡ» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ጽሑፉን ባታዩትም እንደዚያው አድርጉ። ሁለት የመርከቡን ብርጭቆ ሞልታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ወደ ኮዳው ገልብጡና ብርጭቆዎቹን እዚያው ተዉአቸው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ይበቃል። አንዳንድ መርከብ ላይ ምንም ሳይነካ ከላይ የሚያወርድ የኮዳ መሙያ ገብቷል፤ ያንን ካገኛችሁ ይህ ሁሉ ቀረላችሁ።

ከውሃው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በረዶው ነው። አንድ እሑድ፣ መርከቡ በሚነሳበት ቀን፣ ሰው ሁሉ ክፍሉ እስኪዘጋጅለት ቡፌው ላይ ተከማችቶ ሳለ፣ አንድ አባት ትንሽ ልጁን አቅፎ መጣ። ልጅቷ የልዕልት ሥዕል ያለበት ሮዝ ኮዳ ይዛለች። የበረዶው ጭልፋ በሰንሰለት ጎን ተንጠልጥሏል። አባቷ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ሲያደርጋት ኮዳዋን እስከ አንገቱ በረዶው ውስጥ ነከረችው። አባት ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» የሚለውን ለጠፍኩ። በረዶውን በሙሉ ዝቀን ደፋነው፤ ሥሩ የቀረውን በሙቅ ውሃ አሟሟን፤ ሣጥኑን በሳሙና አጥበን፣ አለቅልቀን፣ በፀረ ተሕዋስያን አብሰን እስኪደርቅ ጠበቅን፤ አዲስ በረዶ ከታች በጋሪ አስመጣን። 40 ደቂቃ ፈጀብን። ሰልፉ ፒዛው ጋ ደርሶ ነበር፤ አባትየውም ከኋላ ቆሞ «ምን ተፈጠረ?» እያለ ይጠይቃል።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። መርከብ ላይ የሚፈራው ኖሮቫይረስ ነው፤ ሰውን ለማሳመም 20 እንኳ የማይሞሉ ቅንጣቶች ሊበቁት ይችላሉ፤ በየበሩ የሚረጩላችሁ የአልኮል ሳኒታይዘር ደግሞ እሱን በደንብ አይገድለውም። የሚያስወግደው እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚከታተል ፕሮግራም አለው። የውጭ አገር ወደብ ነክተው ወደ አሜሪካ የሚመለሱ፣ 13 እና ከዚያ በላይ መንገደኛ የሚጭኑ መርከቦችን ሳይነገር ገብቶ ይመረምራል። ነጥቡ ከ100 ነው፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወደቀ ይባላል። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የመርከባችሁን ስም አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኛ ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ሆነን «ሲዲሲ ገባ» የሚለው ወሬ ከካፒቴኑ ድምፅ ቀድሞ ይደርሰን ነበር። ያን ቀን ማንም ቀስ ብሎ አይራመድም።

ወደ ማጠቡ ልምጣ። ሰው የመርከቡን ብርጭቆ የሚጠየፈው የማያውቀው ሰው አፍ ስለነካው ነው፤ የራሱን ኮዳ የሚያምነው ደግሞ የራሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ያ ብርጭቆ ግን ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲወጣ በባዶ እጅ የምትይዙት አይደለም፤ እኔ ጣቶቼን ያደነደንኩት በዚያ ነው። የእናንተ ኮዳ በ7 ቀን ውስጥ የሚያገኘው የካቢኑን እጅ መታጠቢያ ለብ ያለ ውሃና የገላ ሳሙና ነው። ሦስት ቀን የአፕል ጁስ ሲጨመርበት የከረመ ኮዳ አራተኛው ቀን ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት።

ስለዚህ ለሁሉም ቤተሰብ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ በራሳችሁ ኮዳ ውሃ ብቻ። ወተት፣ ጭማቂ፣ ለስላሳ፣ ስሙዚ በመርከቡ ብርጭቆ ይጠጣ፤ ብርጭቆው እዚያው ይቅር። ልጆቹ ይነጫነጫሉ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይለምዱታል። ከቤት ስትወጡ በትንሽ የሻምፑ ጠርሙስ የዕቃ ሳሙና፣ አንድ ረዥም ብሩሽ፣ አንድ የስትሮ መጥረጊያ ያዙ። የካቢኑ ቧንቧ አጭር ስለሆነ ረዥም ኮዳ ሥሩ አይገባም፤ ሻወሩ ውስጥ እጠቡት። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት በስቴኪኒ አውጥታችሁ ለብቻዋ እጠቧት፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከእሷ ሥር ነው። ማታ ክዳኑን ገጥማችሁ አታሳድሩት። ማድረቂያ ቦታ ደግሞ የለም፤ ጠረጴዛዋ ትሪ ብታክል ነው። ግን የካቢን ግድግዳ ብረት ነው! ማግኔት ያለው መንጠቆ ሁለት ሦስት ይዛችሁ ሂዱና የወንፊት ከረጢት ስቀሉበት፤ ኮዳዎቹ እዚያ ተገልብጠው ያድራሉ። ይህችን መንጠቆ የነገርኳቸው ሰዎች ከኮዳው ይልቅ ለእሷ ነው የሚያመሰግኑኝ።

አሁን ስለ እናትዎ። «የባሕር ውሃ» ማለታቸው ከመሬት ተነስተው አይደለም፤ መርከቡ በእርግጥም ከባሕር ውሃ ይሠራል። ግን የሚሠራበትን መንገድ ቢነግሯቸው ሐሳባቸው ይቀየር ይሆናል። አንዱ መንገድ የባሕሩን ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ ማቀዝቀዝ ነው። አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ጨው እንፋሎት ሆኖ ስለማይወጣ እታች ይቀራል። ሌላው ውሃውን በከፍተኛ ግፊት ጨው በማያሳልፍ ስስ ማጣሪያ ውስጥ መጭመቅ ነው። ከወደብ የሚሞላም አለ። ሁሉም ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ከመርከቡ ጫፍ ያለው ቧንቧ እንኳ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ይዞ መገኘት አለበት፤ ይህንንም የሚቆጣጠረው ያው የሲዲሲ መርማሪ ነው። የካቢኑ ቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ነው፤ ከቡፌው ውሃ ጋር ምንጩ አንድ ነው። ሽታው ከከበዳቸው በሰፊ አፍ ኩባያ ከፍታችሁ ትንሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩላቸው፤ ጠዋት ይቀልላል። እንዲያም ሆኖ «ሃይላንድ ካልሆነ» ካሉ መርከቡ ላይ የታሸገ ውሃ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ቀስ ብዬ ከቧንቧው እየሞላሁ እሰጣቸዋለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።

ለእሳቸው በእርግጥ የሚጠቅመው ኩባያ ሌላ ነው፦ ክዳን ያለው፣ ሰፋ ያለ ቂጥና እጀታ ያለው የሻይ ኩባያ። ወለሉ በሚወዛወዝበት ቦታ አንድ እናት በሲኒ ማስቀመጫ ሻይ ይዘው ከቡፌው ወደ ጠረጴዛ ሲሄዱ ማየት ለእኔ እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል። በክዳን ከሆነ ማዕበል ቢነሳም እጃቸው አይቃጠልም። ጉዞው የሰኔ ጾም ላይ ስለሚውል ወተት የማይነኩ ከሆነ የአኩሪ አተር ወተት ካለ አስተናጋጁን ይጠይቁላቸው፤ ጠረጴዛው ላይ አይደረደርም። አንድ ነገር ግን ይፈትሹ፦ ቤት ያለው የትኩስ ኩባያ የስታንሊ «ስዊችባክ» ወይም «ትሪገር አክሽን» የሚባለው ከሆነ ዲሴምበር 2024 ላይ 2.6 ሚሊዮን ያህሉ አሜሪካ ውስጥ እንዲመለሱ ተጠርቷል። ክዳኑ በሙቀት ሲላላ ወልቆ ሰው ያቃጠለበት ጊዜ ስለነበረ ነው። ኩባንያው ምትክ ክዳን በነፃ ይልካል። ሳትፈትሹ ለእናት አትስጡ።

ጀበና ይዘን እንሂድ ወይ ብለው አልጠየቁም፤ ግን ከሐበሻ ቤተሰብ ጋር ሠርቼ ስለማውቅ ልመልስ። ጀበናው ሊገባ ይችላል፤ የሚጣድበት ግን የለም። ማንቆርቆሪያ፣ ምድጃ፣ ውሃ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ከሰል ሁሉም ክልክል ናቸው። መርከብ ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። የቡፌው ቡና ቀጭን ነው፤ ከቡና ቤቱ ድርብ ኤስፕሬሶ ገዝታችሁ በትንሽ ፔርሙዝ ካቢን ይዛችሁ ግቡና ሲኒዎቻችሁን በረንዳው ላይ ደርድሩ። ሁለተኛና በረካ የለውም እንጂ ያስጠጣል።

ስለ ትልቋ ልጅዎ ስታንሊ አልስማማም። 40 አውንስ ማለት 1.2 ሊትር ገደማ ነው፤ ሲሞላ ከኩባያው ክብደት ጋር ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል። በመርከቡ ብርጭቆ ቀድቶ እሱን ለመሙላት አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ነው። ላዩ ከብዶ ታቹ ስለሚጠብ በተወዛወዘ ቁጥር ይወድቃል፤ ስትሮው ሲገባበት ደግሞ ክዳኑ ክፍት ነው፣ ይፈሳል። ባለ 20 አውንሱን ትያዝ። ካልሆነም ለመኪናው ይሁን፤ ባልቲሞር ድረስ መንዳቱ የእናንተ ነው፣ ኤርፖርት የለበትም። ለትንሹ ስትሮው ወደ ውስጥ የሚታጠፍና ሲወድቅ የማይፈስ፣ ማንጠልጠያ ያለው። ለመካከለኛው ሰፊ አፍ ያለው ኮዳ፤ በረዶ በጭልፋ ሲጨመርለት አይፈስበትም። ለእርስዎና ለባለቤትዎ አንድ የጋራ ይበቃል። ሙሉ ስምና የካቢን ቁጥር ኮዳው ላይ አትጻፉ፤ ልጁ የት እንደሚያድር ለማንም መንገር ነው። የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉበት፣ ይለያል።

ስለ ፓኬጁ ብዙ አላወራም። ከባልቲሞር የሚነሱት በብዛት የካርኒቫልና የሮያል ካሪቢያን መርከቦች ናቸው። አንዳንድ የሮያል መርከቦች ላይ ለስላሳ የሚቀዳበት የፍሪስታይል ማሽን አለ፤ የሚሠራው ግን ፓኬጁን የገዛ ሰው በሚሰጠው፣ ቂጡ ላይ ቺፕ ባለው ኩባያ ነው። የራሳችሁን ብታስጠጉት ማሽኑ አይሰማችሁም፤ ያለፈው ዓመት ጉዞ ኩባያም እንዲሁ። ፓኬጅ ለአንድ ሰው ነው፤ አንዱ ገዝቶ ስድስት መጠጣት አይቻልም። የቀኑን ዋጋ ለአንድ ለስላሳ ዋጋ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ልጁ በቀን መጠጣት ያለበትን ያህል ነው። አራት ወይም አምስት ከወጣ ለ4 እና ለ9 ዓመት ልጅ ማን ይገዛል? ለ14 ዓመቷ እናንተ ታውቃላችሁ። ካርኒቫል ከሆነ እያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን፣ በእጅ ሻንጣ፣ እስከ 12 ያልተከፈተ የለስላሳ ቆርቆሮ ወይም ካርቶን ይዞ መግባት ይችላል፤ አንዱ ከ12 አውንስ መብለጥ የለበትም። ስድስት ሆናችሁ 72 ማለት ነው፤ የሚሸከም ከተገኘ። የታሸገ ውሃ በፕላስቲክ ግን አያስገቡም። ሕጉ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የቲኬታችሁን ደንብ አንብቡ።

መግቢያው ላይ የሚታየው ኮዳው ሳይሆን ውስጡ ነው። ሁሉንም ባዶ አድርጋችሁ፣ ክዳናቸውን ከፍታችሁ ግቡ። ዕቃችሁ በኤክስሬይ ያልፋል፤ ውስጡ የማይታይ ኮዳ ፈሳሽ ከያዘ ተከፍቶ ይሸተታል፤ ሰዎች በኮዳ መጠጥ ስለሚያሾልኩ ነው። አንዴ አንድ የአገራችን ሰው ግማሽ ሊትር አረቄ በልጅ ኮዳ ይዞ ተያዘና አስተርጉም ተብዬ ተጠራሁ። «ጠበል ነው በላቸው» አለኝ። ሽታው እኮ በሩ ጋ ደርሷል። «ይህንን ጠበል የት ነው የሚያጠምቁት?» ስለው እሱም ሳቀ፤ አረቄው ግን ተደፋ። እንዲህ ያለው ሰው ነው እውነተኛውን ጠበል የሚያስቸግረው። እናትዎ ጠበል የሚይዙ ከሆነ በትንሽ ግልጽ ጠርሙስ ያድርጉላቸው፤ ሻንጣ ውስጥ አትደብቁት፣ በእጅ ይዛችሁ ሳትጠየቁ ለጥበቃው ንገሩት። ከልምዴ ቀድሞ የተነገረው ሰው ቀና ነው። በሶም እንዲሁ፤ በላስቲክ የተቋጠረ ምልክት የሌለው ዱቄት ጥያቄ ያስነሳል፤ ቤት የተሠራ ምግብ ብዙዎቹ አያስገቡም። ታሽጎ የሚሸጠውን ግዙ።

የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ወይም የክሩዝ ድርጅቱ የራሱ ደሴት ላይ ስትወርዱ ኮዳው ዋጋውን የሚያወጣው ያኔ ነው። በጁን የባሃማስ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ከመውረዳችሁ በፊት ሁሉንም ሙሉ፤ ስትመለሱ እንደገና ስለሚፈተሽ የተረፈውን ደፍታችሁ ግቡ።

ቡፌው ላይ ትናንት ራሳችሁ ስትቀዱት የነበረውን ዛሬ ሠራተኞች ጓንት አድርገው የሚቀዱላችሁ ከሆነ ሆድ የታመመ ሰው በርክቷል ማለት ነው። ከመንገደኛው ወይም ከሠራተኛው 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲታመም ሲዲሲ በይፋ ያሳውቃል። ያኔ ኮዳዎቹን አጥባችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱና እስክትመለሱ በመርከቡ ብርጭቆ ብቻ ጠጡ። ከእናንተ አንዱ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ሐኪሙን ጥሩ፤ የእሱ ኮዳ በላስቲክ ታስሮ ቤት ድረስ ይሂድና በዕቃ ማጠቢያ ማሽን በሙቅ ይታጠብ። ስቃችሁ «የወንድምህን ጠጣ» የምትሉበት ቀን አይደለም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኮዳው የሚበልጥ ነው። የእናትዎ የአሜሪካ ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ ያስገባ እንደሆነ ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ባሃማስ ለመውረድ ምን እንደሚጠየቅም ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ወደቡ ላይ ደርሰው የተመለሱ እናት አይቻለሁ።

በመጨረሻው ማታ ሻንጣው ኮሪደር ላይ ይወጣል። ኮዳዎቹን ባዶ አድርጋችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ክዳኖቹን ቆጥራችሁ። የጠፉ ዕቃዎች ክፍላችን ውስጥ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ነበር፤ ከጉዞ ወደ ጉዞ የሚሞላው በልጆች ኮዳ ክዳን ነው። ክዳን ብቻ። ኮዳዎቹ የት እንደሚሄዱ 9 ዓመት ሠርቼ አልገባኝም።